ግጥሙ የታለ?

ዘፈን ሲጀምር እናወራለን። ጊታሩ ጥያቄውን ሲያነሳ፣ ቤዙ ከሥር ሲመልስለት፣ ሳክስፎኑ ሁለቱን ሊገላግል ሲገባ እኛ ስለ በርበሬ ዋጋና ስለ ጎረቤት ሠርግ እንጫወታለን። ድምፃዊው አፉን ከፍቶ የመጀመሪያዋን ስንኝ ባወጣ ጊዜ ግን ድንገት ጸጥ እንላለን። «እስቲ አንዴ ዝም በሉ፣ እንስማው!» የሚል አይጠፋም። ለእኛ ዘፈኑ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ በር ማንኳኳት ነው።

የደሴን መንገድ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ይህን ሊታዘብ ይችላል። መኪናው የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ጨርሶ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርድ ደገኛው ጋቢውን ያወልቃል፤ ሾፌሩም የቆዩ ዘፈኖችን በተርታ ይለቃል። ያን ጊዜ ጆሯችሁን ለዘፈኑ ሳይሆን ለተሳፋሪው ስጡ። መሣሪያው ብቻውን ሲሆን ወሬው ይነሳል፤ ድምፃዊው ሲመጣ ይወድቃል፤ በመሀል ጊታሩ ለብቻው ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይነሳል። ባንዱ የደከመበት ሁሉ የወሬ ማሟሟቂያ ሆኖ ቁልቁለቱ ያልቃል።

ለዚህ ልማዳችን ቋንቋችን ስም አላጣለትም። «አጃቢ» እንላለን። አጃቢ ባንድ፣ አጃቢ ሙዚቀኛ። አጃቢ ማለት ከባለ ጉዳዩ ጋር የሚሄድ፣ ጉዳዩ ግን የእርሱ ያልሆነ ሰው ነው። ሙሽራው ይታጀባል፤ ሹሙ ይታጀባል፤ ሲራራ ነጋዴ በሽፍታ አገር ሲያልፍ ይታጀባል። ሠርጉ የሙሽራው፣ ሹመቱ የሹሙ፣ ትርፉ የነጋዴው ነው። የካሴት ሽፋን ያየ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። የዘፋኙ ፎቶግራፍ ሽፋኑን ይሞላዋል፤ የባንዱ ስም ግን ማጉያ መነጽር በሚያስፈልጋት ፊደል ከጥግ ትቀመጣለች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ጽሑፍ የጻፍሁት ስለዚያች የጥግ ፊደል ነው።

*

በማንም ላይ አልፈርድም። ቃል የሚወድ ሕዝብ ነን። ቅኔ የምንቀኝ፣ ሰሙን ለእንግዳ ሰጥተን ወርቁን ለባለቤቱ የምናስቀር፣ ውስጠ ወይራውን ለመፍታት ስናሰላስል የምናድር ነን። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በስንኝ መሀል ፋታ ሲሰጥ ያ ፋታ ለማሲንቆው የተሰጠ አይደለም። ታዳሚው ያለፈችውን ስንኝ የሚያላምጥበት፣ የምትቀጥለውን የሚያቀብልበት ጊዜ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያደገ ጆሮ፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ ሲሰማ ባለቤቱ ያልመጣበት ድግስ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ ከሁሉም የባስን ነን። ስለ ዘፈን ስንጽፍ ስለ ግጥሙ እንጽፋለን። «ዘፈኑ ጥልቅ ነው» ስንል ግጥሙ ጥልቅ ነው ማለታችን ነው።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1976 አይቤክስ ባንድ በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አንድም ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ቀረጸ። ርዕሱ እንኳ ግጥም አይነካካውም። «ስቴሪዮ ኢንስትሩመንታል ሚውዚክ» ይላል፤ በቃ። ባንዱ የማይታወቅ ሆኖ አልነበረም። ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን የሠራው እርሱ ነው። ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ክራምድ ዲስክስ በተባለ የቤልጅግ አሳታሚ አማካይነት አውሮፓ ደርሶ ለብዙ ባዕድ ጆሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ደጃፍ ሆኗል። ይኸው ባንድ ሮሃ ተብሎ ስሙን ከለወጠ በኋላ አስቴር አወቀን፣ ኤፍሬም ታምሩን፣ ነዋይ ደበበን አጅቧል። በደርግ ዘመን ካሴት የሰማ ሁሉ ሮሃን ሰምቷል፤ ሮሃን መስማቱን ግን ላያውቅ ይችላል። ማሕሙድ ያለበት ሥራ ዓለምን ሲዞር፣ ዘፋኝ የሌለበት የዚያው ባንድ ሥራ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል ከጥቂት ሰብሳቢዎች በቀር የሚያስታውሰው ሳይኖር ኖሮ እንደገና የታተመው በቅርብ ዓመታት ነው። ልዩነቱ አንድ ጉሮሮ ብቻ ነበር።

በዚያ ቅጂ ውስጥ ሊድ ጊታሩን የያዘው ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ነው፤ ቤዙን ደግሞ ጆቫኒ ሪኮ። ሰላም የሚያደርገውን ለመረዳት አንድ ቀላል ሒሳብ ይበቃል። ጊታር በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 ድምፆች አሉት። ቅኝቶቻችን፣ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ የሚፈልጉት 5 ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ጊታሩን በአማርኛ ማናገር የሚሻ ሰው 7ቱን መዝለል አለበት። 12 በር ያለው ቤት ገብቶ በ5ቱ ብቻ እንደ መመላለስ ነው። የተዘጉት በሮች ግን ጸጥታቸው ይሰማል። አንቺሆዬ ላይ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲዘለል መሬት የከዳን ያህል ሆዳችን የሚባባው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ገጣሚ ይህን ሥራ ያውቀዋል። የስንኝ ጉልበት ከተጻፈው ቃል ይልቅ ሳይጻፍ በቀረው ላይ የሚያርፍበት ጊዜ አለ።

ይህ ጥበብ ከጊታር ጋር በመርከብ የመጣ አይደለም። ክራርን የደረደረ ያውቀዋል። ክራር አንድ በአንድ ይደረደራል፤ ደግሞም ክሮቹ በአንድ ጊዜ ይገረፋሉ። ሲገረፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው ይይዟቸዋል፤ የተለቀቁት ብቻ ይጮኻሉ። እንግዲህ ክራር መቺ ማለት በአንድ እጁ ሁሉን እያናገረ በሌላው እጁ የሚበዙትን ዝም የሚያሰኝ ሰው ነው። ሰላም በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ሲጫወት የሚሰማኝ ያ የታፈነ ክር ነው።

*

በዚያው ዘመን በባሕር ማዶ ጊታር ሌላ ጉዞ ላይ ነበር። ኪንግ ክሪምሰን እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያ አልበሙን አውጥቶ «ፕሮግረሲቭ ሮክ» ለሚባለው መንገድ ፈር ቀደደ። ማይልስ ዴቪስ በ1970 «ቢችስ ብሩ»ን ሲያወጣ ጃዝ የኤሌክትሪክ ገመድ ሰካ፤ በዚያ ሥራ ላይ ጊታር የተጫወተው ጆን ማክላፍሊን በተከታዩ ዓመት ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራን አቋቋመ። የእነዚህ ሰዎች መንገድ መጨመር ነው። ዘፈኑ ይረዝማል፤ ምቱ በ7 እና በ9 ይቆጠራል፤ ጣቶች ይፈጥናሉ፤ አንዱ ክፍል ሳይጠገብ ሌላው ይከፈታል። እወደዋለሁ። በዝናብ ወራት ሌሊት በር ዘግቶ ለሚያዳምጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ወዳጅ የለም።

የእኛዎቹ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። በ6/8 የሚረግጠውን ችክችካ አስቀምጠው አንዲት አጭር ዜማ ይይዛሉ፤ ከዚያ ይመላለሱባታል። ለቸኮለ ጆሮ ያው ይመስላል። ላልቸኮለ ግን ያው አይደለም። ቤዙ አንድ ምት ዘግይቶ ይገባል፤ ጊታሩ የዜማዋን ጭራ ይቆርጣል፤ ኦርጋኑ ከኋላ እንደ ጉም ይነሳል። ይህን ሥርዓት የት እንዳየሁት ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በማሕሌት ላይ አንዱ ቃል በቁም ይዜማል፤ በዝማሜ ይመለሳል፤ ከበሮው ሲጨመር በመረግድ ይሞቃል፤ መጨረሻ በጽፋት ይነዳል። ቃሉ አልተለወጠም። የቆመበት መሬት ግን አራት ጊዜ ተለውጧል። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሰው ቃሉን በመጀመሪያው ዙር ሰምቶታል፤ ታዲያ በአራተኛው ዙር እንባው የሚመጣው በምንድን ነው?

«እኛ ቀድመን ነበር» ለማለት አይደለም። ያ ክርክር ማንንም አያጠግብም። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1974 ለአምሃ ሬከርድስ በሠራው የኢትዮ-ጃዝ አልበም ውስጥ ጊታሩ በፔዳል ሻክሮና ተለውጦ ይሰማል። ያ ሻካራ ድምፅ የተወለደው በባሕር ማዶ ነው፤ የሚናገረው ዜማ ግን የዚህ ነው። የማን ነው ብሎ መካፈል ልጅን ለሁለት እንደ መቁረጥ ነው።

*

ዓመተ ምሕረቶቹን እንይ። የሙላቱ አልበም የወጣው በ1966 አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን ነው፤ ከዜማዎቹም አንዱ «የካቲት» ይባላል። አይቤክስ ያለ ዘፋኝ የቀረጸው ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ኃይሉ መርጊያና ዋሊያስ ባንድ «ቼ በለው»ን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1977፣ ቀይ ሽብር በነገሠበት ዓመት ነው። እርሱም በአብዛኛው መሣሪያ ብቻ ነው፤ ጊታሩን ማሕሙድ አማን ይጫወታል፤ ሙላቱም አለበት።

በዚያ ዘመን ቃል ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ያየ ይናገር። በኪስ የተገኘ ወረቀት ነፍስ ያስከፍል ነበር። ግጥም በሳንሱር ያልፋል፤ አንዲት ጥርጣሬ ያላት ሐረግ ዘፈኑን ታስቀረዋለች። ሰዓት እላፊው በጊዜ ይገባል። ዋሊያስ ይጫወትበት በነበረው ሒልተን የመሸበት ታዳሚ እስኪነጋ ወጥቶ መሄድ አይችልም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ውጭው ጨለማ ነው፤ በጨለማው ውስጥ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እና ጊታሩ ይናገራል። ጊታርን ምን ብሎ መክሰስ ይቻላል? ከባቲ ወደ ትዝታ ተሻገረ ተብሎ? አንዲትን ዜማ ሰባት ጊዜ ደጋግሞ ስምንተኛው ላይ ዝም አለ ተብሎ?

ሙዚቀኞቹ ይህን አስበው ዘፋኙን አስቀሩ አልልም። ምናልባት ሥራው ጣፍጧቸው ነው። ነገር ግን የዚያን ዘመን ልቦለድና ግጥም አንብቤ ያላገኘሁትን አንድ ነገር በእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ አገኛለሁ። እርሱም የሌሊቱ ርዝመት ነው። ነገ ይነጋ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ጊዜን እንዴት እንደሚይዘው፣ አንዷን ደቂቃ እንዴት እንደሚያሻት፣ ላለመጨረስ እንዴት እንደሚዞራት። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ «ግጥም የለውም» ብሎ ይህን ካለፈው ከዘመኑ ምስክሮች አንዱን ሳይሰማ አሰናበተ ማለት ነው።

*

ይህን ሙዚቃ በስልኬ ይዤ አሊዩ አምባ የወረድሁት ዜማ ፍለጋ አልነበረም። የእናቱን ወገኖች ሊጠይቅ የሚሄድ ወዳጄን ተከትዬ ነው። ከአንኮበር ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲኬድ ገብሱ በማሽላ፣ ጽዱ በቁርቁራ ይተካል። ጉሙ ከኋላ ይቀራል። ከፊት ለፊት የይፋት ቆላ፣ ከዚያም ባሻገር የአፋር ሜዳ እንደ ተዘረጋ ሰሌን ይታያል።

አሊዩ አምባ ዛሬ ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847፣ ግን የሸዋ ዋነኛ የገበያ በር ነበረች። ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያዋ የአፋር ግመለኛ ከአሳል ሐይቅ የጫነው ጨው፣ ከታጁራ ወደብ የመጣ ጨርቅና መዳብ፣ ከደጋ የወረደ እህል፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይገናኙ ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በዚህ አልፏል፤ ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሐኪምም በተከታዩ ዓመት በዚችው ከተማ ተቀምጧል። አርጎብኛ፣ አማርኛ፣ አፋርኛ፣ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛና ዐረብኛ በአንድ አደባባይ ይሰሙ ነበር። ጨው ጨው እንደሆነ፣ ቡናም ቡና እንደሆነ ይመጣል፤ አንዱ ሌላውን ሳያሟሟው ይገበያያሉ። «ፊውዥን» ለሚለው ቃል ከሙዚቃ መጻሕፍት ይልቅ ይህች አደባባይ የተሻለ ፍች ትሰጠኛለች።

አሳምሬ ብቻ ልስላት ግን አልሻም። በአጠገቧ፣ አብዱል ረሱል በሚባለው ስፍራ፣ ሰው ይሸጥ ነበር። የሰው ከሰው መገናኘት ሁልጊዜ ዜማ አይወልድም።

የወዳጄ እናት አጎት ዕድሜያቸው የገፋ አርጎባ ናቸው። ከቁርቁራው ጥላ ሥር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰላምታው፣ የዘመድ አዝማድ ጥየቃው፣ ቡናው ካለቀ በኋላ ወዳጄ «እስቲ ያን ሙዚቃህን ክፈትላቸው» አለኝ፤ ለመሳቅ ነው። ከፈትሁት። የአይቤክስ ጊታር በአሊዩ አምባ ግቢ ውስጥ ተነሣ።

ሽማግሌው ጥቂት ሰሙና፣ «ምነው ዘፋኙ ዘገየ?» አሉ።

«ዘፋኝ የለውም አባባ። መሣሪያ ብቻ ነው።»

«ዘፋኝ የለውም? ግጥሙ የታለ ታዲያ?»

«ግጥምም የለው።»

ወዳጄ ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። እንዳጠፋው ስልኩን ሳነሳ በእጃቸው ከለከሉኝ። ጣታቸው ምርኩዛቸው ላይ መምታት ጀመረ፤ ከባንዱ ምት ጋር ሳይሆን በምቱና በምቱ መካከል። ትንሽ ቆይተው፣ «አሁን ይሄኛው ጠየቀ፤ ያኛው ወፍራሙ መለሰለት» አሉ። ቤዙን ማለታቸው ነው። «ድቤ መቺውና ተቀባዩ እንዲሁ ናቸው።»

ሲያልቅ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ መስለው እንዲህ አሉ፤ «መንዙማውም ቢሆን ገሚሱ በዐረብኛ ነው። ቃል በቃል የሚያውቀው ሼሁ ነው። እኛ ከኋላ የምንቀበለው፣ የምናለቅሰው፣ ገብቶን ነው አልልህም ልጄ። ደርሶን ነው።» ደግሞም ጨመሩ፤ «ቢሆንም አንድ ሁለት ቃል ቢያደርጉበት ምን ነበረበት?»

*

«ደርሶን ነው።» ይህች ቃል ከዚያ ወዲህ አብራኝ አለች። መግባትና መድረስ አንድ አይደሉም። ነገር ሳይገባ ሊደርስ ይችላል፤ የግዕዙን ዜማ ቆሞ የሚሰማው ገበሬ ያውቀዋል፤ የእረኛውን ዋሽንት ከማዶ የሰማ መንገደኛ ያውቀዋል። ዋሽንት ግጥም የለውም፤ «ግጥሙ የታለ?» ብሎ እረኛውን የጠየቀ ግን አልሰማሁም። እንግዲህ ቃል አልባ ዜማ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነብን ቃል አልባው ዜማ ሆቴል ሲገባ፣ ኤሌክትሪክ ሲሰካ፣ ክራባት ሲያስር ነው።

ስሞቹም ይመሰክራሉ። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ አምባሰል ነው፤ ተራራ ነው። ሌላው ባቲ ነው፤ የገበያ ከተማ ነው። ባቲ ከአሊዩ አምባ ወደ ሰሜን ርቃ በወሎ ብትገኝም ግብሯ ያው ነው። ደጋው ወደ አፋር ሜዳ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ሰኞ ሰኞ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ታገበያያለች። የሙዚቃችን ግማሽ አጥንት የተሰየመው በቃል ሳይሆን በቦታ ነው። ጊታረኛ ጣቱን በባቲ ቅኝት ላይ ሲያሳርፍ፣ ያወቀም ያላወቀም፣ ገበያ ውስጥ ይገባል።

ገበያው ዛሬ ሰፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኡካንዳንዝ የተባለ የፈረንሳይ ባንድ «ይቻላል» የሚል አልበም አወጣ። ጊታሩ የዳሚየን ክሉዜል ነው፤ ድምፁ የእኛው የአስናቀ ገብረየስ። በ2016 «አዎ»፣ በ2018 «ይቀጥላል» ተከተሉ። በዚያው በ2012 ጃኖ ባንድ በቢል ላስዌል አዘጋጅነት «ኤርታሌ»ን አወጣ፤ የሮክ ጊታርን በአፋር እሳተ ገሞራ ስም ጠርቶ። ሁለቱም ለለመደ ጆሮ ቀላል አይደሉም። በተለይ የኡካንዳንዝ ጊታር እንደ ተሰበረ ብረት ነው፤ ምቱ ይቆራረጣል፤ ሳክስፎኑ ይጮኻል፤ አስናቀ ግን በዚያ ሁሉ መሀል ጎርፍ እንደሚሻገር ሰው እግሩን እያሳረፈ ያልፋል።

እስቲ የእነዚህን ዘፈኖች ሁለት አድማጮች በሐሳባችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንዱ የሊዮን ልጅ ነው። ጊታሩን ያውቀዋል፤ ከኪንግ ክሪምሰን ጀምሮ የተከተለው ነው። አማርኛው ግን ለእርሱ ድምፅ ብቻ ነው፤ እንደ ዋሽንት። ሌላው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ቃሉን ከእናቱ ጓዳ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ጊታሩ ግን ጩኸት ይሆንበታል። እያንዳንዱ ግማሹ ይገባዋል፤ ግማሹ ካልደረሰው በቀር ይቀርበታል። በአሊዩ አምባ አደባባይ የአፋሩ ግመለኛና የደጋው ገበሬም እንዲሁ ነበሩ። ገበያው የቆመው ሁሉም ሁሉን ስለሚያውቅ ሳይሆን እያንዳንዱ በማያውቀው ቋንቋ ፊት ትንሽ ለመቆም ትዕግሥት ስለነበረው ነው።

*

ይህን ሁሉ የምለው ዘፋኞችን ላሳንስ፣ ግጥምን ላቃልል አይደለም። ግጥም ባልወድ እዚህ ምን አመጣኝ? የሚያሳስበኝ ግን የአጃቢዎቹ ዕጣ ነው። ዋሊያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለሥራ ሄዶ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። በተሳፋሪና በተሳፋሪ መካከል፣ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ብቻውን ይለማመድ እንደነበር ተናግሯል። ተሳፋሪዎቹ ማን እንደሚያደርሳቸው አያውቁም ነበር። እኛም እኮ በካሴቱ ዘመን ማን እንደሚያደርሰን አናውቅም ነበር። ከ2013 ጀምሮ የቆዩ ሥራዎቹ በውጭ አገር እንደገና ሲታተሙ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ከአገሩ ሰው ቀድሞ የተቀበለው ባዕድ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የተባለው ለዚህም ሳይሆን አይቀርም።

ሰላም ሥዩምም ኑሮውን አሜሪካ አደረገ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሠርቶ ነው የሄደው፤ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሊያውቀው የሚገባ ነገር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1988 የመመረቂያ ጽሑፉን አቀረበ። ርዕሰ ጉዳዩ የዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አመጣጥና ዕድገት ነው። ማታ የሚያጅበው ጊታረኛ ቀን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ፣ ከዓድዋ ዘመን ጀምሮ ያለውን የሙዚቀኞችን ታሪክ ይጽፍ ነበር ማለት ነው። ማንም ቃል ያልሰጠው አጃቢ ቃሉን ራሱ ወሰደ። ያ ጽሑፍ ዛሬ የዘርፉ ተመራማሪዎች የሚጠቅሱት ነው።

ጽሑፉ የሚሸፍነው ከ1896 እስከ 1974 ያለውን ዘመን ነው። እዚያ ላይ ያቆማል። አብዮቱ፣ ሰዓት እላፊው፣ እስኪነጋ የተጫወተው ባንድ፣ ያ ረጅም ሌሊት በገጾቹ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን የጽሑፉ ባለቤት ስለዚያ ዘመን ምንም አላለም ልንል አንችልም። ብሕሩን ሳያነሳ በፊት፣ በ1976፣ በራስ ሆቴል አዳራሽ፣ በ6 ክሮች ላይ ብሎታል።

ግጥሙ እዚያ አለ።